ከቢቸና የተወረወረው የጓያ ከረጢት

ሰሞኑን ለለቅሶ ሞጣ ሄጄ ነበር። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። በእኛ ዕድሜ መርዶ ቶሎ ይደርሳል፤ የሚዘገየው እግር ነው። ጠዋት ከቢቸና በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የታመመ ጉልበቴን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ ስገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ባለባጃጁ «እማማ፣ የት ላድርስዎ?» ሲለኝ «ሐጂ ኢብራሂም ሱቅ» አልኩት። ሌላ ምልክት አልጠየቀኝም፤ «አላህ ይዘንላቸው» ብቻ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ሱቁ እንደ ድሮው ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሩ ብረት ሆኗል፣ ከላዩ ፎቅ ተጨምሮበታል፣ አቡጀዴ ይደረደርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ የስልክ ቻርጀር ተንጠልጥሏል። ግን ደረጃውን እንደረገጥኩ ከጓዳው በኩል ያ ሽታ መጣ። ጨው የተነሰነሰበት፣ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ገና ያልደረቀ የጥሬ ቆዳ ሽታ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆም አልኩ። ለቅሶ የመጣሁ ሴትዮ እንባዬ መምጣት ሲገባው ፈገግታ ቀደመኝና አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሰው ሁሉ ያን ሽታ የነጋዴ ሽታ ነው ይላል። ለኔ የፊዚክስ ሽታ ነው።

ጊዜው መቼ ነበር ብትሉኝ ዓመቱን አልነግራችሁም፤ ባሕረ ሐሳብ ማስላት የካህናት ሥራ ነው። ማን ይገዛ ነበር ብላችሁም አታድርቁኝ። እኔ የማስታውሰው ቤልቦተም ሱሪ የቢቸናን አቧራ የሚጠርግበት ጊዜ እንደነበረ ነው። ጎረምሶቹ ሚዷቸውን ጎፈሬያቸው ላይ ሰክተው ይውላሉ፣ ለማበጠር ይሁን ለጌጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኛ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማ ብርቃችን ነበር፤ ጭቃ አይፈራም፣ ፀሐይ ላይ ግን እግር ይቀቅላል። ሻይ ከነዳቦው አስር ሳንቲም ነበር። ዳቦውም ዳቦ ነበር፤ ዛሬ ልጆቼ የሚያመጡልኝ ዳቦ ሲጫኑት እፍ ይላል። ዛሬ ባንክ የተሠራበት ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ትራንዚስተር ሬዲዮ አለው። ዘፈን ሲጀምር እግሩ የመኪናውን ፔዳል በዘፈኑ ምት ይረግጣል። ፈጣን ዘፈን የወጣ ቀን የሰው ሁሉ ልብስ ይደርሳል፤ ትዝታ የተዘፈነ ቀን ግን ዩኒፎርማችን እዚያው ያድራል። እናቴ «ሬዲዮኑን ዝጋና የልጄን ቀሚስ ስፋልኝ» ብላ የተጣላችውን አልረሳም።

ዘይነብ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ኢብራሂም ጨርቅም ጨውም ይነግዱ ነበር፤ የታወቁት ግን በቆዳ ነው። ያኔ ገና ሐጂ አልሆኑም፣ ጋሽ ኢብራሂም ነበር የምንላቸው። እህታቸው ወይዘሮ ሐሊማ ቢቸና ተድራ ባሏ ስለሞተባት፣ ዘይነብን ለዓይኔ ማረፊያ ትሁነኝ ብላ ወሰደቻትና ትምህርት ቤት አስገባቻት። እኔና ዘይነብን ያገናኘን ቁመታችን ነው። ሁለታችንም አጭር ስለሆንን ፊት ወንበር ላይ አንድ ላይ አስቀመጡን፤ ከዚያ ማን ይለየን? ምሳ ወይ እነሱ ቤት ነን ወይ እኛ ቤት ነን። ሥጋ የተሠራ ቀን እሷም የእምነቷን እኔም የእምነቴን፤ ሽሮ የተሠራ ቀን ግን እጃችን አንድ ሰሃን ላይ ይጋጫል። እናቴ «ይቺ ልጅ ከሞጣ ድረስ የመጣችው ሽሮ ፍለጋ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅባት ነበር።

ዘይነብ አንድ አመል ነበራት። ልክ ያልሆነ ነገር ሰምታ ማለፍ አትችልም። «ትናንት መቶ ጊዜ ጠራሁሽ» ካልኳት «ሁለቴ ነው የጠራሽኝ» ትላለች። ሰው ሲያጋንን ሆዷን ይቆርጣታል መሰለኝ። አንድ እንግዳ እነሱ ቤት ተቀምጦ «ገበያው ላይ የሰው ብዛት፣ መርፌ ቢወረወር መሬት አይወርድም» ሲል «ኧረ ይወርዳል» ብላ አክስቷን ያሳፈረችበት ቀን አለ። ወይዘሮ ሐሊማ ቆንጥጣ ቆንጥጣ ተወቻት፤ አመል ከቆዳ በታች ነው።

ፊዚክስ የሚያስተምረን ቲቸር ፈቃዱ የሐረር ልጅ ነበር። አሁን ሳስበው ራሱም ልጅ ነበር፤ ያኔ ግን ትልቅ ሰው ይመስለን ነበር። «አቦ» ካላለ ዓረፍተ ነገሩ አይጀመርለትም። ሰሌዳ ፊት ቆሞ «አቦ፣ ጉልበት አይጠፋም! መልኩን ይለውጣል እንጂ የትም አይሄድም!» እያለ ሲጮህ ጠመኔው እጁ ላይ ይሰበራል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ የመሪጌታ ልጅ እጁን አወጣና «ታዲያ ቲቸር፣ ሰው ሲሞት ጉልበቱ የት ይሄዳል?» አለው። ቲቸር ፈቃዱ ጎፈሬውን አከከ፣ መስኮቱን አየ። «እሱን አባትህን ጠይቅልኝ» አለ በመጨረሻ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ዘይነብ ግን አልሳቀችም፤ «አልመለሰም እኮ» አለችኝ በጆሮዬ።

በዚያው ሰሞን ነው ጋሽ ኢብራሂም ለቆዳ ግዢ ቢቸና የመጡት። ዘይነብና እኔ ጓዳ ውስጥ እያጠናን፣ እሳቸው ከወይዘሮ ሐሊማ ጋር ሳሎን ተቀምጠዋል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሹክሹክታ አያስቀርም።

«ሐሊማ፣ ልጄን የምወስድበት ጊዜ ደርሷል» አሉ። «ማንበብ ቻለች፣ ሒሳብ ቻለች። ሱቁ ሰው ይፈልጋል። የሚጠይቃትም ሰው አለ፣ ደህና ቤተሰብ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ገና ልጅ ናት እኮ።»

«የቆዳ ጠፍር የሚታሰረው እርጥብ ሳለ ነው። ከደረቀ በኋላ ማን ያጥፈዋል?»

ወይዘሮ ሐሊማ ሳል ብላ «እንግዲያው በወላጆች ቀን ይምጡና የምትሠራውን ይዩላት። ካዩ በኋላ እንዳሉ ያድርጉ» አለቻቸው።

«እሺ፣ እመጣለሁ። ያየሁት ካላረካኝ ግን በመጣሁበት መኪና አብራኝ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ አትለምኚኝ።»

ዘይነብን አየኋት። ጣቷ መጽሐፉ ላይ እንዳለ ቀርቷል። ሞጣ ያኔ እንደ ዛሬ በሚኒባስ ደርሰው የሚመለሱባት አልነበረችም። የሄደ ሰው ሄደ ነው። እኔ እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ግን «የወላጆች ቀን ግንቦት መጨረሻ ነው» አለች፣ «ጊዜ አለን።»

ቲቸር ፈቃዱ ለዚያ ቀን አንድ እንግዳ ነገር አስቦ ነበር። ሰሌዳው ላይ አራት እግር ያለው ቋሚ ሳለ፣ በመሀሉ የተጠማዘዘ ገመድ፣ ገመዱ ውስጥ የተሰነቀረ ክንድ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ማንኪያ የሚመስል ነገር። ካታፑልት ይባላል አለን። እኛ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «የቲቸር ወንጭፍ» አልነው። ክንዱን ወደ ኋላ ስትስቡት ገመዱ ይበልጥ ይጠማዘዛል፣ ጉልበታችሁ እዚያ ውስጥ ይታመቃል፤ ስትለቁት የታመቀው ወደ ሩጫ ይለወጣል አለ። ልጆቹ «ታዲያ ወንጭፍ ለኛ ምን ብርቅ ነው?» ሲሉ ሳቀባቸው። «አቦ፣ ድንጋይ መወርወርማ ማንም ይወረውራል። ፊዚክስ የተማረ ሰው የት እንደሚወድቅ ቀድሞ ይናገራል። በወላጆች ቀን ሜዳው ላይ ባንዲራ ትተክላላችሁ፤ የምትወረውሩት ባንዲራው ሥር ይወድቃል።» ዘይነብ ፊቷ በራ። ልክ የሆነ ነገር፣ ያውም ሰው ሁሉ እያየ፣ ያውም አባቷ እያዩ! እጇን ከማንም ቀድማ አወጣች፤ የኔንም እጅ በሌላ እጇ አነሳችው።

ቲቸር ያሰበው የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነበር፣ ከመነዳሪው። ቢቸና ውስጥ ግን ከመነዳሪ የሚባል ነገር በረባሶ ጫማ ሠሪዎቹ እጅ ሳይገባ አይቀርም፤ ጎማ ሳይፈነዳ ቀጠሮ ይይዙበታል። የቃጫ ገመድ ሞከርን፣ በሁለተኛው ቀን ተበጣጠሰ። ያኔ ዘይነብ «ጠፍር» አለች። በፋሲካ ዕረፍት ሞጣ ሄዳ ስትመለስ የተጠቀለለ ጠፍር ይዛ መጣች። አባቷ ራሳቸው ናቸው ከቆዳው ላይ ዙሪያውን በቢላ እየዞሩ የሰነጠቁላት። «ለምንሽ ነው?» ቢሏት «ለትምህርት» አለቻቸው፤ «ቆዳ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው?» እያሉ ግን አሳምረው ሰነጠቁት። እግሩን ከባሕር ዛፍ፣ ክንዱን ከወይራ ሠራን። ለማንኪያው ግማሽ ቅል አሰርን። የሚወረወረውን ከረጢት የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ከቀይ ከፈይ ቁራጭ። ጤፍ ልሞላበት ብል እናቴ ጮኸች፤ «እህል ይወረወራል? ምን ዓይነት ዘመን መጣ!» ትንሽ ቆየችና ከጎተራው ሥር፣ እግር ያሽመደምዳል የሚባለውን ጓያ ዘግና ሰጠችኝ። «እሱን ወርውሩት፤ ይራቅልን ከእግራችን» አለች።

እዚህ ላይ ጠፍር ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። በኛ አገር ጠፍር ሳይነከር አይታሰርም። አልጋም ይወጠርበት፣ ቀንበርም ይታሰርበት፣ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ያድራል። ደረቁን ለማሰር የሚሞክር ሰው ቢኖር ከሌላ አገር የመጣ ነው ይባላል። ስለዚህ እኛም ማንም ሳያዘን ሁልጊዜ ማታ ነክረን፣ ጠዋት ከትምህርት በፊት እናስረዋለን፣ እንሞክራለን፣ እንፈታለን። ቲቸር ፈቃዱ ሐረር ላይ የአልጋ ጠፍር ነክሮ አያውቅም፤ ስንነክረው አይቶ የአገሩ ደንብ ነው ብሎ ዝም አለ። ክንዱን በሚዛን እየሳብን፣ ቁጥሩን ዘይነብ እየደመረች፣ ጠዋት ጠዋት ስንወረውር ከረመን። በመጨረሻ ከረጢቱ ባልንበት ቦታ ላይ ጠብ የሚል ሆነ። ሸንበቆ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረን ባንዲራውን ተከልን። ዘይነብ ራሷ ናት በድንጋይ የቀጠቀጠችው።

የወላጆች ቀን ሜዳው ጥላና ነጠላ ለበሰ። ጠፍሩን እንደ ልማዳችን ነክረን አሳድረን፣ በማለዳ አሰርነው። ከአውራጃው ትምህርት ቢሮ የሚመጡ የክብር እንግዳ ስለነበሩ፣ ቲቸር ፈቃዱ «እንደደረሱ ሳናስጠብቃቸው እንጀምራለን» ብሎ ክንዱን ከማለዳው አስሳበንና በመቀርቀሪያ አስያዘን። ከረጢቱንም ቅሉ ላይ አስቀመጥን። እንግዳው ግን የሉም። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ ተባለ፤ ተጠገነ ተባለ፤ ደግሞ ተበላሸ ተባለ። ተማሪዎቹ የሚያውቁትን መዝሙር ሁሉ ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። የግንቦት ፀሐይ የቢቸናን ሜዳ እንዴት እንደምታደርገው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኮንጎ ጫማዬ ውስጥ እግሬ በሰለ። ጋሽ ኢብራሂም ረፋዱ ላይ ደርሰው ከአጥሩ ጥግ ቆሙ፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው። ወይዘሮ ሐሊማ ከጎናቸው ሆና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነው። እኔም በበኩሌ የምችለውን ቅዱስ ሁሉ ጠርቻለሁ።

እንግዳው ከምሳ ሰዓት በኋላ ደረሱ። ንግግር ተደረገ። ከዚያ ዘይነብ ወጣችና ጉልበት እንዴት እንደሚታመቅ ተናገረች። «ይህ ከረጢት ባንዲራው ሥር ይወድቃል» አለች። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ባንዲራው አዞረ። እኔ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ወትሮ «ዷ» ይላል፤ ያን ቀን እንደ ጅራፍ ጮኸ። ቀዩ ከረጢት ባንዲራውን አልፎ፣ ሜዳውን አልፎ፣ ከአጥሩ ባሕር ዛፍ ጫፍ በላይ ሲሄድ አየነው፤ ከዚያ አላየነውም። ቀጥሎ የሜዳው ሰው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ፤ «ሂድ! አባይ ድልድይ ድረስ ሂድ!» የሚልም ነበረ።

እንግዳው አልሳቁም። «ባንዲራው እዚህ፣ የተወረወረው ግን የት እንደገባ አይታወቅም» አሉ። «ስሌታችሁ ላይ ችግር አለ ማለት ነው።»

ቲቸር ፈቃዱ ላብ በላብ ሆኗል። «ዘይነብ» አለ በዝግታ፣ «ምን ሆነ?»

ዘይነብ ወደ ወንጭፉ ሄዳ ተንበረከከች። ጠፍሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። የከበሮ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«ቲቸር፣ እኛ የሳብነው ትንሹን ነው» አለች።

«ሌላውንስ ማን ሳበው?»

«ፀሐይ። ጠዋት ስናስረው እርጥብ ነበር። እንግዳ ስንጠብቅ እንደተሳበ ደረቀ፤ ሲደርቅ ተኮማተረ፣ ክንዱን ይበልጥ ወጠረው። ስሌቱ ልክ ነው፤ ፀሐይዋን ነው ያላስገባናት።»

ሳቁ ከቅድሙ ባሰ። «ፀሐይ ሳበችው አለች!» እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ «ይቺን ልጅ ፀሐይ መታቻት እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ቲቸር ፈቃዱ ብቻ «አቦ...» አለና ዝም አለ። ከአቦ በኋላ ሌላ ቃል ሳይጨምር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ዓይኔን ወደ አጥሩ ጥግ ወረወርኩ። ወይዘሮ ሐሊማ ብቻዋን ቆማለች። ጥቁሩ ጥላ በበሩ ሲወጣ አየሁት።

ዘይነብም አይታዋለች። ከሜዳው ቀጥታ አክስቷ ቤት ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። የቆርቆሮ ሳጥኗን ከአልጋው ሥር ጎትታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። አታለቅስም፤ ጠርዝ ከጠርዝ እያገጣጠመች ታጥፋለች። የማለቅሰው እኔ ነኝ። «አባዬ ሳቁን መስማት አልቻሉም» አለችኝ፤ «እኔ ላይ ሲሳቅ ልባቸው አይችልም።» ወይዘሮ ሐሊማ ገብታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ ኢብራሂም የመጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ጭጎጎት ተጣብቆበታል፣ ጫማቸው አፈር በአፈር ሆኗል። ጥላቸውን በሩ ሥር አቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ ቀዩ ከረጢት ነበር። አፉ ተተርትሮ ጓያው ይንጠባጠባል።

«ባንዲራውን እዚያ የተከለው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባዬ» አለች ዘይነብ።

«ይሄን ከአጥሩ ውጭ ካለው ጉድባ ማዶ፣ እሾህ ውስጥ ነው ያገኘሁት። በእግሬ እየለካሁ መጣሁ። ባንዲራው ካለበት እጥፍ አልፏል።»

ዘይነብ ያጠፈችውን ቀሚስ እንደያዘች «እጥፍ አይሞላም አባዬ» አለች።

ወይዘሮ ሐሊማ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አለቀልን አልኩ። አባትየው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩአት።

«አንቺ ለክተሻል?»

«አልለካሁም። ግን አጥሩ የት ድረስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጉድባውንም አውቀዋለሁ።»

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ላይ ጭጎጎቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ ቆዩ። «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጠፍር ሳስር ኖሬአለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሲደርቅ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ አባቴም ያውቁ ነበር። ማን ነው የሚስበው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ ለውዱእ ውኃ ጠየቁና ተነሡ። ሌላ የተናገሩት የለም። ሳጥኑ ክዳኑ እንደተከፈተ አደረ።

በነጋታው የጭነት መኪናው ከገበያው ጥግ ሞተሩን እያጓራ ቆሟል። ዘይነብ ሳጥኗን ይዛ ወጥታለች፤ አትምጪ ያላት የለም፣ ነይ ያላትም የለም። ጋሽ ኢብራሂም ጋቢና ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ሳጥኑን አዩት፤ ያላዩ መሰሉ።

«ያ የሰነጠቅኩልሽ የላም ቆዳ ነበር» አሏት። «ለከርሞ የበሬ ነው የማመጣልሽ። እሱ ሲደርቅ የባሰ ነው፤ አሁኑኑ ስሌቱን ጀምሪው።»

መኪናው ሄደ። ዘይነብ አቧራው ውስጥ ቆማ «ለከርሞ አሉ እኮ» አለችኝ። «ለከርሞ ነው ያሉት አይደል፣ ጥሩ?» ጥሩወርቅ የሚለውን ስሜን እንዲህ የምታሳጥረው እሷ ብቻ ናት። ሳጥኑ ላይ ተቀምጠን ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ያለቀስነው፤ ልብስ ሰፊው ሬዲዮኑን ዝግ አድርጎ «ማን ሞተ?» ብሎ እስኪመጣ ድረስ።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ማንም ሰው ኑሮ ነው። እኔ እርሻ ቢሮ ገብቼ ወረቀት ሳገላብጥ ጡረታ ወጣሁ። ቲቸር ፈቃዱ ተዛውሮ ሄደ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም፣ ባለበት ይመቸው። ዘይነብ ተምራ ተምራ መምህር ሆነች፣ ተመድባ የተመለሰችውም እዚያው ሞጣ ነው። ስንቱን ልጅ ፊዚክስ እንዳስተማረች እሷ ራሷ ትንገራችሁ፤ እኔ ካልኩ ታርመኛለች። አባቷ ከረጢቱን ሱቃቸው ውስጥ ከሚዛኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ጓያውን አይጥ በላው፣ ከረጢቱ ብቻ ቀረ። ገዢ «ይሄ ምንድን ነው?» ባለ ቁጥር ወሬው ይነሣል። መጀመሪያ ከረጢቱ አጥሩን ያለፈ ነበር። ሐጂ ሆነው ከመካ ሲመለሱ ወንዙን ተሻግሯል። ፂማቸው ሲሸብት ደብረ ወርቅ ደረሰ። ዘይነብ ሱቅ ውስጥ ካለች «አባዬ፣ ኧረ አያጋንኑ! ከጉድባው ማዶ ነው የወደቀው» ትላለች። እሳቸው ደግሞ «አንቺ ዝም በይ፤ ፀሐይን ያህል ነገር ረስተሽ የለም እንዴ!» ይሏታል።

በዚህ ሳምንት ታዲያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከተወጠረው ድንኳን ውስጥ ከዘይነብ ጎን ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩ፤ ሁለታችንም እጃችን ጅማት ብቻ ሆኗል። ዙሪያውን ያስተማረቻቸው ተቀምጠዋል፣ ጠጉራቸው የሸበተም አሉባቸው፤ አንደኛው ሐኪም ነው አሉኝ፣ ሌላዋ እሷ ጡረታ በወጣችበት ክፍል ፊዚክስ ታስተምራለች። ለኔ ለብቻዬ ሽሮ ቀረበልኝ። «ዛሬም ሽሮ?» አልኳት፤ ከሐዘኗ ውስጥ ትንሽ ሳቅ አለች። ያ የመሪጌታ ልጅ «ሰው ሲሞት ጉልበቱ የት ይሄዳል?» ብሎ የጠየቀው ትዝ አለኝ፤ እሷም ትዝ ሳይላት አይቀርም፣ ድሮም አልተመለሰም ብላ ነበር።

ጋሽ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ፣ የሐጂ የንግድ ባልደረባ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ከፊታችን ተቀመጡ። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ ወደ እኔ ዞረው ወሬ ጀመሩ። «እትዬ፣ እርስዎ ከቢቸና ነው የመጡት አሉ። የሐጂን ወሬ ሰምተውታል? ልጃቸው በተማሪነቷ ከቢቸና ሜዳ ላይ የወረወረችው ዕቃ፣ ፀሐይ ስባው፣ ደብረ ወርቅን በላይዋ አልፎ እዚህ ሞጣ ገበያ መሀል ነው የወደቀው። ሐጂ እስኪሞቱ ድረስ ይህን ይሉ ነበር። አላህ ይዘንላቸውና፣ ትንሽ ያበዙ ነበር መሰለኝ።»

ዘይነብን አየኋት። አፏ ተከፈተ። ያን አፍ ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚወጣው ቀድሜ መናገር እችላለሁ፣ አጥሩን፣ ጉድባውን፣ እጥፍ አለመሙላቱን። እሷ ግን ሱቁን አየችው፤ ሚስማሩን፣ ባዶውን ቀይ ከረጢት። ደግሞ ድንኳኑን ሞልተው የተቀመጡትን ተማሪዎቿን አየች።

«አላበዙም ጋሽ ከድር» አለች። «ልክ ነው፤ እዚህ ነው የወደቀው።»